ከ«ጥሩ ነበር» ያለፈ አስተያየት

ጥያቄ፦ የተመራቂ ተማሪዎችን የጥናት ሥራ የምከታተል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ከዋናው ገለጻ በፊት ሥራቸውን በክፍል ውስጥ አቅርበው እርስ በርስ እንዲተቻቹ አደርጋለሁ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ «በጣም ጥሩ ነበር» ከማለት አያልፉም፤ የቀሩት ደግሞ ስለ አቅራቢው ድምፅና ስለ ስላይዱ ቀለም ሲያወሩ ጊዜው ያልቃል። ስለ ጥናቱ ፍሬ ነገር እንዲነጋገሩ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ እንዲህ የሚያደርጉት ይሉኝታ ስለሚይዛቸውና ከገለጻው ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለባቸው ስላልተነገራቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ውይይቱ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ አድማጭ ጥናቱ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘና ግኝቱን በምን ማስረጃ እንደደገፈ በወረቀት ላይ በአጭሩ እንዲያሰፍር ያድርጉ። ወረቀቶቹ ሲነበቡ አምስት አድማጮች አምስት የተለያዩ ግኝቶችን ጽፈው ከተገኙ፣ አቅራቢው ማንም ሳይነቅፈው ገለጻው መድበስበሱን ይረዳል። ለጀማሪ አቅራቢ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም አስተያየት አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ትችት ቦታውን የሚጠቁም መሆን አለበት። አንድ ተማሪ የ60 ተማሪዎችን የእንቅልፍ ሰዓትና የፈተና ውጤት አነጻጽሮ «እንቅልፍ ማጣት ውጤትን ይቀንሳል» ብሎ ደመደመ እንበል። «ድምዳሜህ አላሳመነኝም» ቢባል የሚያርመው ነገር አያገኝም። «ግራፉ ላይ ያሳየኸን ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ነው፤ በድምዳሜህ ግን አንዱን የሌላው መንስኤ አደረግኸው። ውጤታቸው ዝቅ ያለባቸው ተማሪዎች በጭንቀት እንቅልፍ አጥተው ቢሆንስ?» ቢባል ግን የትኛውን ስላይድና የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚያስተካክል ያውቃል። አማካይ ብቻ ሲቀርብላቸውም ነጥቦቹን በግራፍ ለማየት እንዲጠይቁ ያበረታቷቸው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አማካያቸውና ተዛምዷቸው (ሁለት መለኪያዎች አብረው የሚሄዱበት መጠን) ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት የሆኑ አራት የመረጃ ስብስቦች በግራፍ ሲሣሉ ፈጽሞ የተለያየ መልክ እንደሚይዙ አሳይቷል፤ ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ቢያሳዩአቸው ብዙ ማብራሪያ ይተካል።

አቅራቢው በበኩሉ አስተያየቱ ተሰጥቶ እስኪያልቅ መልስ ከመስጠት ይታቀብ፤ ሲከራከር የሰማውን ይረሳልና ማስታወሻውን ጓደኛው ቢይዝለት ይመረጣል። ላልመረመረው ጉዳይ «ይህን አልለካሁም» ብሎ መመለስ ተገቢ የጥናት መልስ መሆኑን አስረግጠው ይንገሯቸው፤ ብዙዎች እንደ ሽንፈት ቆጥረውት እዚያው መልስ ይፈጥራሉ። ስለ ድምፅና ስለ ቀለም የሚሰጠው አስተያየት መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ከአንድ ሰው አንድ ነጥብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የጥናት ጽሑፌ 40 ገጽ ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሁሉንም ለመጨመር ስሞክር በጣም እየፈጠንኩ ተቸገርኩ።

መልስ፦ የጽሑፉን የምዕራፍ ቅደም ተከተል ይተዉትና ገለጻውን ከጥያቄዎና ከዋናው ግኝትዎ ተነሥተው ያዋቅሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ውድድር የዶክትሬት ተማሪዎች ጥናታቸውን በ3 ደቂቃና በአንድ ስላይድ ብቻ ያስረዳሉ፤ 15 ደቂቃ እንግዲህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለፍ፤ ከአጠናን ዘዴውም አድማጩ ግኝቱን ለማመን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይንገሩ። የጥናቱን ውስንነት ግን አይዝለሉት፤ ከሚመለከተው ግኝት ጎን ቢነገር ይሻላል። ግራፍ ሲያሳዩ ውጤቱን ከመናገርዎ በፊት አግድሙና ቋሚው መስመር ምን እንደሚለኩ ይግለጹ። የተቀነሱትን ሠንጠረዦች ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ያስቀምጧቸው፤ ስለ እነርሱ የሚጠይቅ ሲመጣ ያሳዩታል።