ከላሊበላ የወጣው ድንጋይ የት ገባ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጥንት ቅዱሳን ቦታዎች ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ እኔንም ለብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ «ባለፈው ገና ላሊበላ ሄጄ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይህ ሁሉ ድንጋይ ተፈልፍሎ ሲወጣ የት ተጣለ? አስጎብኚያችን መላእክት ወሰዱት አለን። ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን የሠሩት ቴምፕላር የሚባሉ የአውሮፓ መስቀል ጦረኞች ናቸው የሚል ቪዲዮ አሳየኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»
(የሂሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህር፣ ብዙ ሰው የቆመውን አይቶ ተደንቆ ይመለሳል። እርስዎ የጎደለውን ጠየቁ። ደስ ብሎኛል።

እስቲ ልኩን እናስበው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን ወደ 33 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 23 ሜትር ወርድና 11 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ይህ እንግዲህ ሳይነካ የቀረው ነው። ዙሪያውን የተቆፈረው ቦይ አለ፣ ከሆዱ ተቦርቡሮ የወጣው አለ፣ ከዚያ የሌሎቹ አሥሩ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዋሻዎቹ፣ በመካከላቸው የሚያገናኙት መተላለፊያዎች ሁሉ ሲደመሩ የወጣው ድንጋይ ስንት ሺህ ጭነት እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያሰሉታል።

ለረጅም ጊዜ የተመራማሪዎችም ዓይን ከሕንፃዎቹ ላይ አልተነሳም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። ቡድኑ ሕንፃዎቹን ብቻ ሳይሆን ዙሪያቸውን ያለውን መሬት አጠና። ያገኘውም የእርስዎን ጥያቄ ይመልሳል። አፈርና ሳር ለብሶ ተራ ጉብታ የሚመስለው ቦታ ከፊሉ ተፈልፍሎ የወጣ ስብርባሪ ነው። ድንጋዩ አልጠፋም። እዚያው አጠገቡ ተደፍቶ፣ እኛም ሳናውቀው እየረገጥነው እናልፋለን።

ይህ ግኝት ለምን እንደሚያስደስተኝ ልንገርዎት። ክምር ቅደም ተከተል ይይዛል። መጀመሪያ የወጣው ከታች ይተኛል፣ ኋላ የወጣው ከላዩ ይደፋል። ሕንፃው ራሱ ግን ዕድሜውን ቶሎ አይናገርም፤ መፈልፈል መቀነስ ስለሆነ አዲሱ መሮ የድሮውን መሮ ምልክት ጠርጎት ይሄዳል። ቤት በጡብ ሲሠራ አሮጌው ከሥር ይቀራል። በፍልፍል ሥራ ግን የሥራው ማስታወሻ ያለው የተደፋው ስብርባሪ ውስጥ ነው።

ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ሥፍራው በአንድ ጊዜ ተጀምሮ በአንድ ጊዜ አላለቀም። ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲገቡ በጥልቅ ቦይ ላይ የተዘረጋ ድልድይ አቋርጠዋል አይደል? እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ይህ ሕንፃና ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ የተፈለፈሉት ለቤተ ክርስቲያንነት አይደለም፣ ከንጉሥ ላሊበላም ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ ብሎ ጽፏል። ስለ ዕድሜያቸው ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ንጉሡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ሮሃን (የዛሬዋን ላሊበላ) የተረከባት ባዶ ዓለት ሆና እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ መስቀል ጦረኞቹ ልምጣ። ይህ ወሬ በጣም ያሳዝነኛል፤ ልጆቻችን ስልካቸው ላይ አይተው እውነት ነው ብለው ይይዙታልና። መልሱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቤተ አማኑኤል ሄደው የውጭ ግድግዳውን በእጅዎ ዳብሱት። አንዱ ረድፍ ወጣ፣ ቀጣዩ ገባ፣ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ ይላል። ጣትዎ ከረድፍ ረድፍ ሲወርድ ለምን እንዲህ ተደረገ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ይህ አክሱሞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሚሠሩት ግድግዳ መልክ ነው። ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ ባለችው በይምርሐነ ክርስቶስ እውነተኛውን እንጨት ከድንጋይ ጋር ተደርድሮ ያገኙታል። ቤተ አማኑኤል ላይ እንጨት የለም፤ ሁሉም አንድ ዓለት ነው። ጠራቢው ግን የአያቶቹ ቤት እንዴት እንደሚታይ ስለሚያውቅ ያንኑ መልክ ከዓለት አወጣው። ከአውሮፓ የመጣ ጦረኛ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሌላም አለ። የንጉሡ ስም የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶች እዚያው አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ተገኝተዋል፣ ተነብበዋልም። በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ስላየው ነገር ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ነው ብዕሩን ያስቀመጠው። ሙያውም ቢሆን አልሞተም። በእኛ ዘመን በዚያው በሰሜን ወሎ ምድር በመሮና በዶማ ዓለት እየፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጡ አባቶች አሉ።

ስለ መላእክቱ፣ አስጎብኚዎ የነገረዎትን ትውፊት እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼ ያደግሁበት ነው። ልብ ይበሉ፣ ትውፊቱ ሰዎች ቀን ይሠሩ ነበር፣ መላእክት ደግሞ ሌሊት ያግዟቸው ነበር ነው የሚለው። ሠራተኞቹን አልረሳቸውም። ቪዲዮው ነው የረሳቸው።

ጥያቄ፦ «ጢያ ያሉት ድንጋዮች ላይ ጎራዴ የተቀረጸው ለምንድነው? አያቴ የግራኝ ድንጋይ ናቸው ትላለች። አስተማሪያችን ደግሞ አይደሉም አለን።»
(የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቡታጅራ)

መልስ፦ አያትህም አስተማሪህም እውነታቸውን ነው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ብሎ መጥራቱ እውነት ነው። ትክሎቹ ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው። የኢማሙ ጦርነት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የጢያ መቃብሮች ከዚያ በፊት ያሉ፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የሚገመቱ ናቸው። አንድ አስፈሪ ነገር ሲደርስ ሕዝብ አጠገቡ ያገኘውን ትልቅ ድንጋይ በዚያ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ የአያትህን ቃል ጽፈህ አስቀምጠው። እሱም ታሪክ ነው።

ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ፈረንሳዊው ሮጀር ዡሶም ከባልደረቦቹ ጋር ሲቆፍር ከሥራቸው መቃብር ተገኘ፤ የተቀበሩትም በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። ይህ ነው እኔን ልቤን የሚነካኝ። ጎራዴው፣ ወጣትነታቸው፣ በአንድ ቦታ መቀበራቸው ሲታይ ተዋጊዎች ነበሩ የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ሌሎቹ ምልክቶች፣ በተለይ ቅጠል ወይም ዛፍ የሚመስለው፣ ገና ትርጉማቸው አልተፈታም። አንተ አድገህ ብትፈታው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «አክሱም ያለው የዱንጉር ፍርስራሽ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ነው ወይስ አይደለም? ባጭሩ ንገሩኝ።»
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። ዱንጉር ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ የአንድ ባለጸጋ ወይም ባለሥልጣን ቤት ነው። ንግሥቲቱ ደግሞ የምትወሳው ከሰሎሞን ጋር ነው። በመካከላቸው ወደ 1,500 ዓመት ገደማ አለ። ለዚያ ዘመን ቀረብ ያለ ነገር ማየት ከፈለጉ የሓ ይሂዱ። ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 700 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ እስከ 14 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደቆመ ነው።

ጥያቄ፦ «አጎቴ አድዋ አካባቢ ገበሬ ነው። ሲያርስ ፊደል የሚመስል ነገር የተጻፈበት ድንጋይ አገኘ። ግማሹ አሁንም መሬት ውስጥ ነው። አንድ ነጋዴ ነቅለህ አምጣልኝ፣ ጥሩ ብር እከፍላለሁ ብሎታል። እኔ ሰው ቤት እየሠራሁ ነው የምልክለት፤ ብሩ ለቤተሰቡ ያስፈልገዋል። ምን ልበለው?»
(ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩን እረዳዋለሁ። ግን እባክሽ ዛሬውኑ ደውይለትና እንዳይነቅለው ንገሪው።

ምክንያቱን በሁለት ቦታ ላሳይሽ። ከየሓ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቤተ ሰማዕቲ የሚባል ጉብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች እዚያ የደረሱት በአስማት አይደለም። የአካባቢውን ሰው የት እንፈልግ ብለው ጠይቀው ነው። እንደ አጎትሽ ያለ ሰው መሬቱን ያውቀዋላ! ከሥሩ ከተማ ወጣ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ መስቀልና የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ጌጥ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ተገኘ። ያ ቀለበት ገበያ ላይ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያምር ቀለበት ከመሆን አያልፍም ነበር።

ሁለተኛው ውቅሮ አጠገብ ነው፣ መቓብር ጋዕዋ ይባላል። እዚያ የተገኘው፣ አልመቃህ ለሚባለው የጥንት አምላክ የቆመው መሠዊያ የንጉሥ ጽሑፍ አለበት፣ የየሓንም ስም ይጠራል። መሠዊያው የተገኘው ድሮ በቆመበት ቦታው ላይ ነው። በዚህ የተነሳ በየት በኩል ይገባ እንደነበር፣ መሥዋዕቱ ወዴት ይፈስ እንደነበር ሳይቀር መከተል ተችሏል። ተነቅሎ ቢወሰድ ፊደሉ ይቀር ይሆናል፣ ቤተ መቅደሱ ግን ይጠፋ ነበር።

ሕጉም ግልጽ ነው። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር አለበት። የነጋዴው ብር ለአጎትሽ ጣጣ ነው የሚያመጣበት።

እንግዲህ እንዲህ ያድርግ። በዚያ ቦታ ዙሪያ ሁለትና ሦስት እርምጃ ያህል ማረሱን ይተው። ድንጋዩን አይጠበው፣ በሽቦ ወይም በቢላ አይፋቀው፣ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ከሰል ወይም ኖራ አይቀባው። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትወጣ በስልኩ ፎቶ ያንሳው፤ በዚያ ሰዓት ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጥ። ከሩቅ ሆኖ እርሻውን ጭምር የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ያንሳ። ከዚያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያመልክት፣ ያመለከተበትን ወረቀት ማኅተም አስደርጎ ቅጂውን ይያዝ። ብቻውን ባይሄድ ይሻላል። የሰበካውን ቄስ ወይም አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዞ ይሂድ።

ፎቶው ሲደርስሽ ለእኛም ላኪልን። ፊደሉ የሳባ ይሁን የግዕዝ፣ ከግራ ይነበብ ከቀኝ፣ የሚያውቁ ሰዎች ዘንድ አድርሼ በሚቀጥለው እትም እነግርሻለሁ። የአጎትሽን ስምና ቀበሌውን አናወጣም።