4,500 ድርሃም በብር ስንት ነው ብለሽ አትጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዱባይ ያለ የሬስቶራንት ድርጅት በኮስት ኮንትሮለርነት (በወጪ ተቆጣጣሪነት) ሊቀጥርሽ ነው። ደሞዙ 4,500 ድርሃም፣ መኖሪያ በራስሽ። እዚህ ሀዋሳ ከምትሰሪበት ሆቴል ከነሰርቪሱ እጅሽ የሚገባው 21,000 ብር ነው። ባለቤትሽ አስተማሪ ነው፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለቻችሁ። «አንዱን ድርሃም በ40 ብር ብንይዘው 180,000 ብር ይመጣል፤ ይህ እንዴት እምቢ ይባላል?» ብለሻል።

እኔም እንዲሁ አስልቼ ነው የሄድኩት። ከታህሳስ 2011 እስከ ጥር 2015 ዱባይ ሰርቻለሁ። ስራዬም ካንቺ አይርቅም፤ የሆቴል ስቶርና ሂሳብ ክፍል ነበርኩ። አሁን ሀዋሳ ነው ያለሁት። የምነግርሽ የደረሰብኝንና ያየሁትን ነው። ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ 180,000 የሚለውን ቁጥር ተይው። ዱባይ የምትከፍዪው ነገር ሁሉ በድርሃም ነው። አልጋውም፣ ሽንኩርቱም፣ ሜትሮውም። በብር መመታት ያለበት ወሩ ሲያልቅ ኪስሽ ውስጥ የተረፈው ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሆቴል የሚከፍለኝ 2,400 ድርሃም ነበር። ግን መኖሪያው የሆቴሉ ነው። ምግብ ከሰራተኛ ካፌ። መመላለሻ የሆቴሉ አውቶብስ። ስልክ ሞልቼ፣ ሳሙናና ቅባት ገዝቼ፣ አርብ አርብ ዴይራ የሚባለው ሰፈር ወርጄ እንጀራ በልቼ በየወሩ 1,700 ድርሃም ይተርፈኝ ነበር። ኮንትራቴን ስጨርስ ሌላ ቦታ 3,800 አገኘሁ። እንዴት እንደተደሰትኩ! የዚያኑ ማታ ለእናቴ ደውዬ «ደሞዜ ጨመረ» አልኳት። መኖሪያና ምግብ ግን በራሴ ሆነ። ቤድ ስፔስ 850። የሜትሮና የአውቶብስ የወር ካርድ 350። ምግብ 650። ስልክና ኢንተርኔት 150። ልብስና ጥቃቅን 300። የሚተርፈኝ 1,500። ደሞዜ በ1,400 አድጎ የማስቀምጠው በ200 ቀነሰ። ይህን ያወቅኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብዬ አልጻፍኩትም።

ቤድ ስፔስ ምን እንደሆነ ላታውቂው ትችያለሽ። በኔ ክፍል ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ሦስት ተደራራቢ አልጋ። የኔ የታችኛው ነበር። ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ነጠላ አስሬ መጋረጃ አደረግኩት። ፍሪጁ ውስጥ ለአንድ ሰው ግማሽ መደርደሪያ ነው የሚደርሰው። ስማችንን በፕላስተር ላይ ጽፈን በየድስቱ እንለጥፍ ነበር። ምግብ ማብሰል በተራ ነው። ከማታ ፈረቃ ስትመለሺ ሰው እንዳትቀሰቅሺ ልብስሽን በስልክ መብራት ትቀይሪያለሽ። ይቻላል፣ እኔም ችዬዋለሁ። ግን 4,500 ሲሉሽ በልብሽ የሳልሽው ክፍል ይህ እንዳይደለ አውቃለሁ።

አሁን ያንቺን እንምታው። አልጋ 900። ትራንስፖርት 350። ምግብ 700። ስልክ 150። ለሌላው 250። ድምሩ 2,350። ከ4,500 ላይ 2,150 ቀረሽ። እዚህ ላይ ጥሩውንም ልንገርሽ፤ እዚያ ከደሞዝ የሚቆረጥ የገቢ ግብር የለም። እኛ ጋ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ደሞዝ 35 በመቶው ለግብር ይሄዳል፣ ከመሠረታዊ ደሞዙም 7 በመቶ ለጡረታ። እዚያ የተባልሽው ሳይነካ ባንክሽ ይገባል።

2,150ውን በ40 ስትመቺው 86,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ እዚህ የምታጪውን 21,000 ቀንሺ። 65,000። ልጅሽን ከኬጂ ማን ያመጣታል? ባለቤትሽ ክፍል ውስጥ ባለበት ሰዓት ማን ይይዛታል? ለሞግዚት፣ ለምግቧና ለመኝታዋ 9,000 ያዢ። 56,000። ዓመት ጠብቀሽ ልጅሽን ለማየት ትመጫለሽ። ትኬቱን ድርጅቱ ካልቻለ 1,500 ድርሃም ብለን ለ12 ወር እናካፍለው፤ በወር 5,000 ብር ነው። 51,000 ብር ቀረ።

51,000 ትንሽ ነው እያልኩሽ አይደለም። በሁለታችሁ ደሞዝ ሀዋሳ ላይ ይህን ያህል በየወሩ ማስቀመጥ እንደማይታሰብ አውቃለሁ። በሁለት ዓመት 1,224,000 ብር ይሆናል። ሰነድ ለማረጋገጥ፣ ለመነሻና ለመቋቋሚያ የምታወጪው ሲነሳለት ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። እንግዲህ አንቺና ባለቤትሽ ተቀምጣችሁ የምትመዝኑት ይሄንን ነው፤ አንድ ሚሊዮን ብር በአንድ በኩል፣ ልጅሽ ከ4 ዓመቷ እስከ 6 ዓመቷ ያለ እናቷ በሌላ በኩል። በዋትስአፕ መደወል ዱባይ እንደማይሰራም እወቂ። እኛ ቦቲም በሚባል የስልክ መተግበሪያ ነበር የምንደውለው። ልጄን የተውኩት በ3 ዓመቱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ስደውል «አያት ትደውልልሽ?» እያለ ስልኩን ለእናቴ ያቀብላት ጀመር። ይህን ሂሳብ ውስጥ የምታስገቢበት ቦታ የለም፤ ግን ሳትሄጂ በፊት ይታወቅሽ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የቅጥር ደብዳቤሽን ዘርዝረሽዋል፤ ቤዚክ (መሠረታዊ ደሞዝ) 1,800፣ የቤት 1,500፣ ትራንስፖርት 500፣ ሌላ 700። እኔን ያስጨነቀኝ ቤዚኩ ነው። ዱባይ ለኛ ጡረታ የሚባል የለም። በምትኩ ስትለቂ የአገልግሎት ክፍያ ይሰጥሻል። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት፣ ለአንድ ዓመት የ21 ቀን ደሞዝ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ለሚቆጠረው ለአንድ ዓመት የ30 ቀን። ግን የሚሰላው በቤዚኩ ብቻ ነው፤ አበሉ አይገባም። በ1,800 ቤዚክ ቀኑ 60 ድርሃም ነው፤ በሁለት ዓመት 2,520 ይሰጥሻል። ያው 4,500 ሆኖ ቤዚኩ 3,000 ቢሆን 4,200 ይሆን ነበር። የትርፍ ሰዓትም የሚሰላው በቤዚክ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከ2,400ው ውስጥ ቤዚኬ 1,200 እንደነበር ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት ሰርቼ 3,360 ስጠብቅ 1,680 ሰጡኝ። ገንዘብ ክፍል ቆሜ አለቀስኩ። ያታለለኝ ሰው የለም። አላነበብኩትም እንጂ።

ሌላው የመጀመሪያው ወር ነው። እኔ ከገባሁ በኋላ ደሞዝ ያየሁት በ47ኛው ቀን ነው። የህክምና ምርመራ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ሂሳብ እስኪያልቅ ይቆያል፤ የደሞዝ መዝጊያ ቀን ካለፈሽ ደግሞ ወደሚቀጥለው ወር ትሸጋገሪያለሽ። ይዤ የሄድኩት 500 ድርሃም ነበር። ከአንዲት ኬንያዊት የክፍል ጓደኛዬ 400 ተበድሬ ነው ያለፍኩት። እኔ እንኳ መኝታና ምግብ ነበረኝ። አንቺ ግን በሄድሽ በመጀመሪያው ሳምንት የአልጋ ኪራይ ከነመያዣው ትጠየቂያለሽ። 3,000 ድርሃም ሳትይዢ አትነሺ። ይህ በ40 ብር ስሌት 120,000 ብር ነው። ከየት ነው የምታመጪው? ብድር ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባሽ ላይ ቀንሺው።

ቤት የምትተዪውንም ቁጠሪ። የሆቴሉ ሰራተኞች እቁብ ውስጥ አለሽ? እጣሽን ወስደሽ ከሆነ ቀሪውን ማን ይከፍላል? እኔ በአራተኛው ዙር ወስጄ ነበር። ከሄድኩ በኋላ በወር 2,000 ብር ለ14 ወር ባለቤቴ ከደሞዙ ከፈለ። ያን ጊዜ ደሞዙ 5,000 ብር አይሞላም ነበር። እድርሽ እንዳይቋረጥ አድርጊ። ጡረታም አለ፤ አንቺ 7 በመቶ ስታስቆርጪ አሰሪሽ 11 በመቶ ይጨምርልሽ የነበረው ይቆማል። 8 ዓመት ሰርተሻል። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ስለሚያስፈልግ የጡረታ መለያ ቁጥርሽንና የስራ ልምድ ደብዳቤሽን በደንብ አስቀምጪ፤ ስትመለሺ ይያያዛል። ለባለቤትሽም ውክልና ሰጥተሽ ሂጂ። አለበለዚያ ለትንሽ ጉዳይ ቆንስላ ስትመላለሺ የስራ ቀን ይቆረጥብሻል።

«ከስድስት ወር በኋላ ባለቤቴንና ልጄን አመጣለሁ» ያልሽው ላይ ግን ቁርጡን ልንገርሽ። በ4,500 አታስቢው። በዓመት 45,000 ድርሃም የሚከራይ አንድ ስቱዲዮ እንውሰድ። ኪራይ እዚያ በቼክ ነው የሚከፈለው። በ4 ቼክ ቢሆን የመጀመሪያው 11,250 ነው። መያዣ 5 በመቶ፣ 2,250። የደላላው 5 በመቶ፣ 2,250። የመብራትና ውሃ ማስያዣ 2,000። ቁልፉን ለመቀበል ብቻ 17,750 ድርሃም ወጣ፤ የአራት ወር ደሞዝሽ ነው ማለት ይቻላል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ ገና አልተገዛም። ትምህርት ቤቱም የግል ነው። ባለቤትሽ ስራ እስኪያገኝ በአንድ ደሞዝ ሦስት ሰው ማለት ነው። እንዲህ አድርገው ቤተሰብ አምጥተው በስምንት ወር የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ የትኬቱ ዕዳ ተርፏቸዋል። ስለዚህ ሂሳቡን ብቻሽን፣ ለሁለት ዓመት ብለሽ አስቢው።

የተረፈሽን የት ታስቀምጫለሽ? ይህ ትልቁ ስህተቴ ነበር። በ2011 አንድ ሺህ ድርሃም በባንክ ስልከው 7,600 ብር ገደማ ይገባ ነበር። በየወሩ እየላክሁ በብር አጠራቀምኩ። በ2015 ስመለስ ያው አንድ ሺህ ድርሃም ከ14,000 ብር በላይ ያወጣ ነበር። እኔ ግን በ7,600ው የላክሁት ብር ባንክ ውስጥ እንዳለ ነው። ዳቶ አካባቢ ለጀመርነው ቤት ፌሮ ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብ የግማሹን ፌሮ እንኳ አልገዛም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ምን እንደሆነ አይተሻል። ለቤት ወጪ የሚያስፈልገውን ብቻ ላኪ። የቀረውን እዚያው በድርሃም ያዢው፤ ወይም ባንኮቻችን ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚቀመጥ የዳያስፖራ ሂሳብ ክፈቺ። የሚገዛ ነገር ካለሽ ደግሞ ብሩ እንደደረሰ ይገዛ። ባለቤትሽ ብሎኬትም ይሁን ቆርቆሮ ገዝቶ ያስቀምጥ።

የሦስት ወር ወጪሽንም ሳትነኪው እዚያው አስቀምጪ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ሆቴላችን ተዘጋ። ለአራት ወር ግማሽ ደሞዝ ነበር የምንወስደው። እኔን ያዳነኝ የሆቴሉ አልጋና ምግብ ነው። ውጭ ተከራይተው የነበሩት ልጆች ግን ስንት ነገር አዩ።

ስለ ቪዛ ባጭሩ። በኤምሬትስ ህግ የቪዛና የቅጥር ወጪ የአሰሪው ነው። ለቪዛ ብር ላኪ ካሉሽ፣ ወይም «በጉብኝት ቪዛ ነይ፣ እዚህ ይቀየራል» ካሉሽ እዚያው ላይ አቁሚ። የስራ ቪዛሽ እጅሽ ሳይገባ ሆቴሉን አትልቀቂ። ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው የሚያስፈልግሽ፤ የዱባዩ ድርጅት ያን ያህል ጊዜ ይሰጥሻል።

አንቺን ብሆን በዚህ ወረቀት አልሄድም። ግን እምቢም አልልም። ዛሬውኑ መልሼ እጽፍላቸዋለሁ። ልምዴን ጠቅሼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ደሞዙ ያው ሆኖ ቤዚኩ 3,000 ይሁን። ሁለተኛ፣ የቤት አበሉን ትተው መኖሪያ ይስጡ። መኖሪያ ከሰጡሽ 4,500ው 3,000 ቢሆን እንኳ ብዙ አትጎጂም፤ ሬስቶራንት ስለሆነ ምግብም ከዚያው ትበያለሽ፣ ይህንንም በጽሑፍ አስገቢው። ሦስተኛ፣ የዓመት ፈቃድ ትኬት። ትኬቱ ውሉ ላይ ከሌለ በቃል የነገሩሽን አትመኚ። ኮስት ኮንትሮለር የሚፈልግ ሰው ቁጥር ስትጠይቂው አይቀየምም። እንዲያውም ስራሽን የምታውቂ መሆንሽን ያይበታል። ከሦስቱ ሁለቱን ከሰጡሽ፣ ባለቤትሽም ካመነበት፣ ለሁለት ዓመት ሂጂ እላለሁ። አንዱንም ካልሰጡሽ ቅሪ፤ ሀዋሳ ያለሽ ስራ ቀላል ስራ አይደለም።

ከባለቤትሽ ጋር አንድ ደብተር ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። ልጅቷ ትሩጥ፣ እናንተ ጻፉ። እኔ ከላይ የጻፍኩትን የአልጋና የምግብ ዋጋ አሁን እዚያ ያለ ሰው ጠይቀሽ አስተካክዪው፤ እኔ ከተመለስኩ ዓመታት ሆኖኛል። ድርጅቱ መልስ ሲሰጥሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አዲሱን ቁጥር አብረን እንመታዋለን።