ከስልኩ በፊት እንቅልፉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ወላጅ ሳይነጋ ለታክሲ ተሰልፎ ሲመሽ የሚመለስበት፣ ልጅም ከትምህርት ቤት መልስ ከስልኩ ጋር ብቻውን የሚውልበት አካባቢ ስለሆነ ጥያቄዎቹ መመሳሰላቸው አይገርምም። መልሱን የሰጡት የአምዱ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው።

«ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል ይማራል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ ስልክ ይነካካል። ሰርቪስ ስለሚመጣ 11:30 ላይ እቀሰቅሰዋለሁ። ይነጫነጫል፣ ቁርስ አይበላም፣ ውጤቱም ወርዷል። አባቱ ‹ስልኩን ካልሰበርኩት› እያለ ነው። ቤታችን ስቱዲዮ ስለሆነ ሁላችንም አንድ ክፍል ነው የምንተኛው።»
*እናት፣ ኮዬ ፈጬ*

ስልኩ አይሰበር። የክፍሉ ማስታወሻና የቤት ሥራ የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ ልጁ የጓደኛውን ስልክ መዋሱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የሚያየውን እርስዎ አያዩም። የባሰው ደግሞ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው በፎቶ ቢያስፈራራው ወይም ገንዘብ አምጣ ቢለው፣ ስልኬን ይነጥቁኛል ብሎ ለእናንተ አይናገርም።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የእርስዎ ልጅ ከ7:00 እስከ 11:30 አራት ሰዓት ተኩል ነው የሚተኛው፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። ንጭንጩም፣ የቁርስ እምቢታውም፣ የውጤቱ መውረድም በዚህ ጉድለት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጠቡ ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከመኝታ ሰዓቱ ጋር ይሁን።

ጥፋቱ ሁሉ የልጁ እንዳልሆነም ይወቁለት። በጉርምስና ጊዜ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነቱ ጊዜ አንድም ሁለትም ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ተኛ ሲሉት «እንቅልፌ አልመጣም» ቢል ላይዋሽ ይችላል። በዚያ ላይ የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ቪዲዮውን ለሌሊት ቢያቆየው አይፈረድበትም። የሌሊት ጥቅል እየገዛ ከሆነ ትንሽ ብር ጨምረው በቀን ጥቅል ይለውጡለት። ከምክር ሁሉ ይህ ቶሎ ሲሠራ እናያለን።

ከ7:00 ወደ 3:30 በአንድ ሌሊት አይመለስም። እንደዚያ ከተሞከረ ጨለማ ላይ አፍጥጦ ያመሽና በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። በየሁለት ሌሊቱ 15 ደቂቃ ብቻ ይቅደም፤ ዛሬና ነገ 6:45፣ ቀጥሎ 6:30 እያለ። 14 ጊዜ ማቀደም ነው፣ 28 ሌሊት ይፈጃል። ጠዋት የሚነሣበት ሰዓት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይነካም። ቅዳሜና እሑድ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይዘግይ፤ እሑድን እስከ ቀትር ከተኛ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለውና የሳምንቱ ልፋት ሰኞ ጠዋት ይፈርሳል። (ቅዳሴ የሚሄድ ወይም ሱብሂ የሚሰግድ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሳያስበው ይጠቀማል።) የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ቀደም ያደርገዋል፤ ማታ እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል። ሰርቪስ ሲጠብቅ ገና ጨለማ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ክፍል ከመግባቱ በፊት 15 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይቆይ። ከሰዓት በኋላ ካንቀላፋ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን።

«ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጪ ይደር» የሚለው የተለመደ ምክር ስቱዲዮ ቤት ውስጥ አይሠራም። ኩሽናው በር ካለው ቻርጀሩን ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ እዚያ ሰኩ፤ ከሌለው ክዳን ያለው ካርቶን ቁምሳጥን ላይ ይበቃል። የሚገባው የሁሉም ስልክ ነው፣ የአባትየውም ጭምር። ሥራው በሌሊት የሚያስጠራው ከሆነ የጥሪ ድምፁ ክፍት ይሁን። ልጁ «ለመቀስቀሻ ነው» ማለቱ አይቀርምና አስቀድማችሁ ደወል ያለው የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የሌሊት መብራት ከፍቶ መተው ብቻውን አይበቃም፤ እንቅልፉን በዋናነት የሚያባርረው ከብርሃኑ ይልቅ ተከታትሎ የሚመጣው ቪዲዮና ዝም የማይለው ግሩፕ ነው።

«16 ዓመቴ ነው። ቲክቶክ ካየሁ በኋላ ራሴን እጠላለሁ። ቆዳዬ፣ ልብሴ፣ ቤታችን ሁሉ ያስጠላኛል። ላጥፋው ብል ጓደኞቼ የሚያወሩት ሁሉ እዚያ ነው።»
*ለገጣፎ*

ማጥፋት የለብሽም፣ የሚያቀርብልሽን ግን ልትለውጪው ትችያለሽ። መተግበሪያው የደስታሽንና የሐዘንሽን ልዩነት አያውቅም፤ ቆም ብለሽ ያየሽውን ቆጥሮ ተመሳሳዩን ይጨምርልሻል። እየከፋሽም ቢሆን የአንዷን ፊት አትኩረሽ ካየሽ ነገ አሥር ተመሳሳይ ፊት ይመጣል።

ለሦስት ቀን ስልኩን ስትዘጊ ምን አይተሽ እንደነበርና ምን እንደተሰማሽ በአንድ መስመር ጻፊ። የሚያስከፉሽ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቪዲዮዎች ሆነው ታገኛቸዋለሽ። እነሱ ሲመጡ ቪዲዮውን ተጭነሽ ያዢና «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን ንኪ፣ የምትከተያቸውንም መከተል አቁሚ። በጣም ከተበላሸ በሴቲንግ ውስጥ «ኮንቴንት ፕረፈረንስስ» የሚለው ጋ ምርጫሽን ከዜሮ የሚያስጀምር ቁልፍ አለ። ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አስቀምጧል፤ ሲመዘገቡ ዕድሜያቸውን ያስበለጡ ግን ገደቡ አይመጣላቸውም። አንቺም እንደዚያ ካደረግሽ ገደቡን ራስሽ አስቀምጪው።

ሰውነትሽ ከመታየት ሌላ ሥራም ይኑረው። በዕድሜሽ በቀን 60 ደቂቃ ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍስ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ሠፈሩ ለሴት ልጅ ሩጫ ካልተመቸ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለልና ደረጃ መውጣት ሃያ ሃያ ደቂቃ ተከፋፍሎ ይሞላል። ምግብ መዝለል ወይም በልተሽ ማስመለስ ከጀመርሽ ግን ይህ ምክር አይበቃሽምና ለምታምኛት ትልቅ ሰው ዛሬውኑ ንገሪያት።

«የ13 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ በእናቱ ስልክ ፍሪ ፋየር ነው። ጎረቤት ‹ጌሙ አእምሮውን ነካው› ይላል። በሽታ ነው?»
*አባት፣ ሰበታ*

የጌም ሱስ የሚባል ሕመም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ገብቷል። ሕመም የሚባለው ግን ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብም ከትምህርትም ከጓደኛም ሲቀድምበትና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል ነው፤ ይህም በአብዛኛው 12 ወር ያህል ሲቆይ። ኳስ ሲጠሩት ጥሎ የሚወጣና ትምህርቱን የሚከታተል ልጅ ጌም ወዳድ ነው፣ በሽተኛ አይደለም።

«አእምሮውን ነካው» የሚለውም የተጋነነ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350,000 በላይ ታዳጊዎችን መረጃ ሲመረምሩ፣ በልጆች ደህንነት መካከል ካለው ልዩነት ከቴክኖሎጂ አጠቃቀም ጋር የሚያያዘው ከ0.4 በመቶ አይበልጥም ነበር። በአንጻሩ የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል (የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም) እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ልጆች ለድባቴና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ የሁሉንም ልጆች አማካይ ሲያይ ሌላው ያበዙትን ነው የሚያየው። ያበዛው ልጅም ከመጀመሪያው ከፍቶት ወደ ስክሪን የሸሸ ሊሆን ይችላል።

የእርስዎን ልጅ በተመለከተ መጀመሪያ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ይከታተሉ። የታክሲውን ከፍሎበት በእግሩ የሚመጣ ወይም የምሳውን አውጥቶ ተርቦ የሚውል ከሆነ ድካሙና ብስጭቱ ከዚያ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ወይም ከጎኑ ውርርድ የሚያስይዝ ካለ ደግሞ ያ ከጌሙ በላይ ያሳስብዎት። ገደብ ሲያበጁ በሰዓት ሳይሆን በጨዋታ ይሁን፤ የፍሪ ፋየር አንድ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መሐል ላይ ሲነጥቁት ቡድኑን ያስበላል፣ እሱም ይጮኻል፤ «ሦስት ዙር» ከተባለ ግን ማብቂያው ራሱ ይመጣል።

«የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው፤ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ከወር ወዲህ አትስቅም፣ መዘምራን መሄድ ትታለች፣ ስልኳን እንኳ አታይም። ትናንት ‹መኖር ሰለቸኝ› አለች። ጠበል እያስጠመቅኋት ነው።»
*አክስት፣ ቱሉ ዲምቱ*

ይህ የስልክ ጉዳይ አይደለም። የሚወዱትን ሁሉ መተው ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ስልኩን እንኳ መተዋ ደግሞ የመሻል ምልክት አይደለም።

ዛሬ ማታ ብቻዋን ይዘው ቁጭ ይበሉና በግልጽ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባትም፤ አብዛኞቹ ልጆች ጠያቂ በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። «ኃጢአት ነው» ወይም «ምን ጎደለብሽ» አይበሏት፤ ወሬው እዚያው ይዘጋል። መልሷን ሳይጠብቁ የቤቱን መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝና ፀረ ተባይ ቆልፈው ቁልፉን ይያዙ፤ ብቻዋንም አይተዋት። አስቤያለሁ ካለች ወይም እንዴት እንደምታደርገው ከነገረችዎት ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። የለም ካለችም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያ አይተው ካስፈለገ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለ ቦታ ሪፈር ይጽፋሉ።

ጠበሉን አይተዉ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ግን ሁለቱ አብረው ይሂዱ፤ በጠበሉ ምክንያት መድኃኒቱ አይቋረጥ። የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ተብሎ እንዳይጣል። በእነዚያው ሳምንታት መቁነጥነጥ ወይም የሞት ወሬ ከባሰባት ቀጠሮ ሳይጠብቁ መልሰው ይውሰዷት።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለማጥናት ማታ ሦስት ስኒ ቡና እጠጣለሁ፤ ጫት የሚይዙ ጓደኞችም አሉኝ። ይጎዳል?»
*ቡራዩ*

የቡናው ችግር የምትጠጣበት ሰዓት ነው። ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደምህ ውስጥ ይኖራል፤ ምሽት 1 ሰዓት የጠጣኸው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ገና ግማሽ ነው። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። በአንድ ቀን ካቆምክ ራስ ምታት ይይዝሃልና በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንስ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሲለቅ ደግሞ በማግሥቱ ድብርት ያመጣል። ያጠናኸው የሚጸናው ስትተኛ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያነበበው ፈተና ላይ ይጠፋበታል። 45 ደቂቃ አጥና፣ 10 ደቂቃ ያለ ስልክ ተነሥተህ ተንቀሳቀስ፤ ይህን አራት ጊዜ ደጋግመህ ተኛ። ከባዱን ትምህርት፣ ሒሳብና ፊዚክስን፣ የመጀመሪያው 45 ላይ አድርገው።