ለጁዶ ወጣቶች፦ ሀገር ከመረጡ በኋላ ስላለው ሥራ

ውድ ወጣቶች፣ ብዙ ዘመኔን በአሰልጣኝነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ስለ ውድድር ሕይወት ምክር ስትጠይቁኝ ከታወቁት ሻምፒዮኖች ይልቅ የሜክሲኮዋን ፕሪስካ አዊቲ አልካራስን ማንሳት ይቀናኛል። ፕሪስካ እ.ኤ.አ. በ1996 ለንደን ውስጥ ከኬንያዊ አባትና ከሜክሲኳዊት እናት ተወለደች፤ ጁዶንም የጀመረችው እዚያው እንግሊዝ ሲሆን፣ በኋላ ግን የእናቷን ሀገር ወክላ ለመወዳደር ወሰነች።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት የኦሊምፒክን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ የክብደት ምድብ አንድ ሀገር የሚያሰልፈው አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ጃፓንና ፈረንሳይ ባሉ ሀገሮች ሌላ ቦታ ቢሆኑ ያለ ጥርጥር የሚመረጡ ሰዎች ጨዋታውን ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ይመለከታሉ። ስፖርቱ ብዙም ባልተስፋፋበት ሀገር ቦታው በቀላሉ ሊገኝ ይችላል፤ በየቀኑ ይዞ የሚጥላችሁ ብርቱ የልምምድ ጓደኛ ግን አይገኝም፤ ይህ ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከገንዘብ እጦት የባሰ ችግር ነው።

ሜክሲኮ ከ2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ በፊት በኦሊምፒክ ጁዶ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም። ሰው አልነበራትም ማለት ግን አይደለም፤ የከባድ ሚዛን ተወዳዳሪዋ ቫኔሳ ሳምቦቲ ከ2004 የአቴንስ ጨዋታ እስከ 2016ቱ የሪዮ ድረስ በአራት ኦሊምፒኮች ተሰልፋለች፤ በማየት ችግር ላለባቸው በተዘጋጀው የፓራሊምፒክ ጁዶም ሌኒያ ሩቫልካባ በዚያው በሪዮ ወርቅ ወስዳለች። ሳምቦቲ በኦሊምፒክ የሜዳሊያ ሰንጠረዥ ላይ ስሟ ባይገኝም፣ እኔ ከብዙ ባለሜዳሊያዎች አስበልጬ አያታለሁ።

ፕሪስካም በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከሜዳሊያ ሳትደርስ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በጋዜጣ አይጻፉም። ለኦሊምፒክ የሚያበቃው የዓለም ደረጃ ነጥብ ግራንድ ፕሪና ግራንድ ስላም በሚባሉት ዓለም አቀፍ የጁዶ ውድድሮችና በዓለም ሻምፒዮና የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ማንኛውም የዚህ ደረጃ ተወዳዳሪ ከሀገር ሀገር ይዞራል፣ ክብደቱን ለመጠበቅ ይራባል፣ አንዳንዴም ያን ሁሉ ተጉዞ በመጀመሪያው ግጥሚያ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሸንፎ ሻንጣውን ይይዛል። ዝናን የሚመኙ ወጣቶች ይህን ክፍል አያስቡትም፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ይኸው ነው።

በሐምሌ ወር 2024 ፓሪስ ላይ፣ በሴቶች 63 ኪሎ ግራም፣ ፕሪስካ እስከ ፍጻሜ ደረሰች። በስሎቬኒያዊቷ አንድሬያ ሌሽኪ ተሸንፋ የብር ሜዳሊያ ወሰደች፤ የቶኪዮ ሻምፒዮን የነበረችው ፈረንሳዊቷ ክላሪስ አግቤኜኑ በገዛ ሀገሯ በነሐስ ተወሰነች። በጁዶ ነሐስ የሚያገኝ ሰው የመጨረሻ ግጥሚያውን አሸንፎ ሲሸለም፣ ብር የሚያገኘው ተሸንፎ ወዲያው መድረክ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ በሽልማቱ ሰዓት ፊቱን አይታችሁ በሰው ላይ አትፍረዱ።

ከእናንተም መካከል በውጭ ሀገር ተወልዳችሁ በወላጆቻችሁ ሀገር ስም ለመወዳደር የምታስቡ ትኖራላችሁ። ፍላጎቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ከማን ጋር እንደምትለማመዱ፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ስትጎዱም ማን እንደሚያሳክማችሁ ፌዴሬሽኑን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።