አክሰንትሽን ተዪውና፣ መዝገብ ማገላበጥ ትወጃለሽ?

ውድ እህቴ፣

ሜሪላንድ ውስጥ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማርን ስላስቀረው የብራውን መዝገብ ከተማርሽ ወዲህ ሕግ ማጥናት አምሮሻል። አባትሽ ፋርማሲ ይላሉ፤ ብድሩም ያስፈራሻል። ከሁሉ በላይ ግን «በ14 ዓመቴ ነው የመጣሁት፣ አክሰንት አለኝ፣ ሰው ፊት ስናገር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እንዴት ጠበቃ እሆናለሁ?» ብለሻል።

በዚህ ሰበብ ብዙ ጎበዝ ልጆቻችን ከሕግ ትምህርት ሲሸሹ አይቻለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

በብራውን መዝገብ ለጥቁሮቹ ወላጆች የተከራከረው ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ አይካድም። ግን ሜይ 17፣ 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ የወሰኑት በንግግር ማማር አይደለም። ከኋላው ሃያ ዓመት ያህል የወረቀት ሥራ አለ። የማርሻል መምህር ቻርልስ ሂዩስተን በ1930ዎቹ ካሜራ ይዞ ሳውዝ ካሮላይና ድረስ ሄዶ የጥቁርና የነጭ ልጆችን ትምህርት ቤቶች ቀርጿል። ፍርዱን ሳያይ በ1950 ሞተ።

እዚያው ስቴት፣ ክላረንደን ካውንቲ፣ ጉዳያቸው ኋላ ከብራውን መዝገብ ጋር ተጠቃሎ የታየ ጥቁር ወላጆች መጀመሪያ የጠየቁት አንድ አውቶቡስ ነበር። ለነጮቹ ልጆች 30 አውቶቡስ ሲመደብ ለጥቁሮቹ አንድም አልነበረም። በ1949-50 ለአንድ ነጭ ተማሪ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ 43 ዶላር ይወጣ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ቁጭ ብሎ ከሰነድ የለቀመ ሰው አለ። የእኔ ጀግና እሱ ነው።

ስቴቱ ጉድለቱን አምኖ «እናስተካክላለን» ሲል ደግሞ ጠበቆቹ መለያየቱ ራሱ እንደሚጎዳ ማሳየት ነበረባቸው። ለዚህ የረዳቸው በ1950 የተወሰነው የማክሎሪን ጉዳይ ነው። ማክሎሪን ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ጥቁር የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። ከመማሪያ ክፍሉ ጎን ባለች ጥግ ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። ላይብረሪ ውስጥም የብቻቸው ጠረጴዛ። ሕንፃው ያው፣ መምህሩም ያው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይህ እኩልነት አይደለም አለ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ አንብቦ ከሌላ ጉዳይ ጋር ማያያዝ አክሰንት አይጠይቅም።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት አንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ መዝገብ አደራጅ ነበርኩ። ብዙዎቹ ጠበቆች ቀናቸውን የሚያሳልፉት በማንበብና በመጻፍ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ጨርሺ፣ አንድ ሁለት ዓመት ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ሆነሽ ሥሪ፣ ከዚያ ወስኚ። ሥራውን ሳታዪ ለሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት አትበደሪ።

አባትሽን አክብሪ፤ ግን ፋርማሲም እኮ በብድር ነው፣ ዕዳውም የሚጻፈው በአንቺ ስም ነው። የማርሻል እናት ልጃቸው የጥርስ ሐኪም እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። ኋላ ግን ለሕግ ትምህርቱ ክፍያ የጋብቻ ቀለበታቸውን አስይዘዋል። አባትሽ ቀለበት ይሽጡ አላልኩም፤ ሥራሽን ግን እሳቸው አይሠሩልሽም።

ስለ ብድሩ፦ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ በማይሠራ ድርጅት እየሠሩ 10 ዓመት ለከፈሉ ሰዎች ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። መስፈርቱን ከወዲሁ አጥኚው።

«ትግሉ አላለቀም ወይ?» ላልሽው፦ ከፍርዱ በኋላ እንኳ የቨርጂኒያው ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ አብሮ ከማስተማር ብሎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ከ1959 እስከ 1964 ዘግቷል። መፍረድና ማስፈጸም ለየቅል ናቸው።

ለመጪው ሴሚስተር ለፋርማሲ በሚያስፈልገው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፋንታ ስታቲስቲክስ ውሰጂ። ለሰመር ደግሞ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ጋር ደውዪ። ስታናግሪያቸው አማርኛ ማስተርጎም እንደምትችዪ በቅድሚያ ንገሪያቸው።