«ተሳላሚ» ወይስ «ነጋዲ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። መካ ደርሰው የመጡትን ጎረቤታችንን «ሐጂ» ብለን እንጠራቸዋለን። እናቴ ደግሞ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ትወጣለች። እሷን በአንድ ቃል ምን ልበላት? «ተሳላሚ» ስል ወንድሜ «እሱ ‹ሳመ› ከሚለው የመጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን በር ለሚስም ሁሉ ይሆናል» አለኝ። አንድ የቆየ ጽሑፍ ላይ «ነጋድያን» የሚል አግኝቼ ደግሞ ነጋዴዎች መስለውኝ ነበር።

መልስ፦ «ተሳላሚ» ይበሏት፤ የለመድነው ቃል እሱ ነው። ወንድምዎ ግን ሥሩን ስተዋል። «ሳመ» የግእዙ «ሰዐመ» ነው፤ መካከሉ ላይ የነበረችው «ዐ» በአማርኛ ስለጠፋች ቃሉ አጠረ። «ተሳለመ» የሚወለደው «ሰላም» ከተገኘበት ከ«ሰለመ» ነው፤ ሰላም ተባባለ ማለት ነው። እኛ ሰላም የምንባባለው እየተሳሳምን ስለሆነ ሁለቱ ቃላት በአፋችን ተቀራረቡ እንጂ ዘመድ አይደሉም። እናትዎ ግሸንን ስትሳለም ለባለቤቷ ለእመቤታችን ሰላምታ ማድረሷ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ወንድምዎ እውነት አላቸው። «ተሳላሚ» ውስጥ ርቀት የለም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አማትቦ የሚያልፈውም ተሳላሚ ነው። ስለዚህ የሩቁን መንገደኛ ለመለየት ቦታውን ይጨምሩ፦ «የግሸን ተሳላሚ»፣ «የቁልቢ ተሳላሚ»፣ «ኢየሩሳሌምን የተሳለመ»።

ርቀቱን በራሱ የያዘው ያ ያሳሳትዎት ቃል ነው። በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ መንገድ ሄደ፣ ነገደ ማለት ነው። «ነጋዲ» መንገደኛም፣ ነጋዴም፣ ወደ ቅዱስ ቦታ የሚጓዝም ይባልበታል፤ ብዙው «ነጋድያን» ነው። «መንገድ» ራሱ ከዚሁ ሥር ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቃል መጠራታቸው አያስገርምም፤ ሲራራ ነጋዴውና ተሳላሚው ሽፍታና በረሃ እየፈሩ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። በኋላ አማርኛ «ነጋዴ»ን ለገበያ ሰው ብቻ አስቀረው። ትግርኛ ግን የጥንቱን ይዟል፤ «ንግደት» ዛሬም የታቦት ዓመታዊ በዓልና ወደዚያ የሚደረግ ጉዞ ነው። («ንግሥ» ሌላ ነው፤ እሱ ከ«ነገሠ» ነው፤ አትቀላቅሏቸው።)

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ሦስተኛው የዚህ ሥር ልጅ ነው፦ «እንግዳ»። የግእዙ «ነግድ» እንግዳም መጻተኛም ነው። ዕብራውያን ምዕራፍ 11 ላይ አባቶች «በምድሪቱም እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ» ሲል የሚያነሳው ይህንኑ ስሜት ነው። በገጠር ተሳላሚው ሲመሽበት ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይባላል። በዚያች ደጃፍ መንገዱና እንግድነቱ እንደገና አንድ ቃል ይሆናሉ።

የሌሎችም ቋንቋ ወደዚሁ ይመጣል። የላቲኑ «ፔሬግሪኑስ» መጀመሪያ ባዕድ፣ የሌላ አገር ሰው ነበር፤ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለተሳላሚ የሚሰጡት ስም ከእሱ ወጣ። ባሌ ውስጥ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ባለ መንታ ጫፍ በትራቸውን ይዘው የሚጓዙት «ጋሪባ» ይባላሉ፤ የዐረብኛው «ገሪብ» እንግዳ፣ ባዕድ ማለት ነው። ጎረቤትዎ ሐጂም መካ ሳሉ «ዱዩፉ ረሕማን»፣ የአዛኙ አምላክ እንግዶች፣ ከሚባሉት አንዱ ነበሩ።

«ሐጅ» ራሱ በዐረብኛ ወደ አንድ ቦታ ማሰብን፣ ማምራትን የሚያመለክት ግስ አለው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ወንድሙ «ሐግ» በዓል ነው። «ሑጃጅ» በዐረብኛ ብዙ ቁጥር ቢሆንም «ሑጃጆች» ማለት አማርኛ ስላደረገው አልነቅፈውም፤ «ቅዱሳኖች» እንደምንለው ነው።

በቅርቡ የተለመደው «መንፈሳዊ ተጓዥ» ስህተት የለበትም፤ ለማስታወቂያና ለአውቶቡስ ትኬት ይስማማል። እናትዎን ግን እንዲህ ብዬ አልጠራትም። በቆዩ ጽሑፎች «ነጋድያን» ሲያገኙ ደግሞ ሸቀጥ ወይም ገበያ በአጠገቡ ተጠቅሶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ታቦት፣ ገዳም ወይም ኢየሩሳሌም ካለ ሰዎቹ የእናትዎ ጓደኞች ናቸው።