መጀመሪያ የውሃውን መውጫ ክፈት
የአንባቢያን ጥያቄ እና የባትላሜራ ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኳት የ1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። የሾፌሩ በር ታችኛው ጠርዝ ዝጎ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቶበታል። አንዱ ጋራዥ «ፋይበር ለጥፈን በስቱኮ እንሞላዋለን፣ ነገ ትወስዳለህ» አለኝ። ሌላው የጣራ ቆርቆሮ ደርቦ በኤሌክትሮድ እንደሚበይደው ነገረኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ሶማሌ ተራ ሄደህ ሌላ በር ግዛ» ይለኛል። የማንን ልስማ?
የቮልስ ወራሽ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከሦስቱ ጓደኛህ ይሻላል። እርሱም ቢሆን የበሩን ታችኛ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ሳያደርግ ከገዛ፣ የራስህን ዝገት በሌላ ሰው ዝገት መለወጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው የቮልስ በር ዕድሜው ካንተው በር አያንስም፤ ውሃ የሚተኛበትም ቦታ ያው ነው። ቀለሙ አዲስ ከሆነማ የበለጠ ጠርጥር። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በበሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኪደው። መሀሉ ላይ ይዞ የነበረው ማግኔት ታች ሲደርስ ከወደቀ ሻጩ የሚያስከፍልህ የስቱኮ ዋጋ ነው።

እኔ ብሆን የራስህን በር አድናለሁ። ግን በብየዳ አልጀምርም።

የመኪና በር ውሃ ፈጽሞ እንዳይገባው ተደርጎ አልተሠራም። መስታወቱ በሚወርድበት ስንጥቅ በኩል ዝናብ ሁልጊዜ ይገባል። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከበሩ ሥር ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ትተዋል። አቧራ፣ ቅጠል እና ያረጀ ጎሚኒ ፍርፋሪ እነዚህን ቀዳዳዎች ሲደፍናቸው ክረምቱ በበርህ ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ቀለሙ ሲያብጥ ያየኸው ዕለት ዝገቱ ሥራውን ጨርሷል። ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ ደግሞ ውሃውን ወደ መውጫው የሚመልስ ፕላስቲክ ነበር። ድምፅ ማጉያ የሚገጥሙ ሰዎች ቀደው የሚጥሉት እርሱን ነው፤ እስካሁን አንዳቸውም መልሰው ሲለጥፉት አላየሁም።

ልባሱን አውልቅ፣ መውጫዎቹን በሽቦ ጥረግ፣ የመስታወቱን ጎሚኒ ለውጥ። ይህን የማታደርግ ከሆነ ሰውየው በስቱኮ ቢሞላውም በወርቅ ቢበይደውም ልዩነት የለውም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ባትሪውን ፍታ፤ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መስታወቱን አውጣ፤ የመቁረጫው ፍንጣሪ መስታወት ላይ ከተተከለ አይለቅም። በሩ ውስጥ ድምፅ እንዲቀንስ የተለጠፈውን ሬንጅ መሰል ምንጣፍም ፋቅ፤ እሳት ይወዳል። ከዚያ ዝገቱ ከሚታይበት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አልፈህ ጤነኛ ብረት ላይ መስመር አስምር። በያጆች የሚሰስቱት እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳውን ብቻ ይቆርጡና ወረቀት በሆነው ብረት ላይ ለመበየድ ይታገላሉ፤ እሳቱ ሲነካው ቀዳዳው ይሰፋል፣ እነርሱም «መኪናህ አርጅታለች» ይሉሃል። ያረጀውስ የታወቀ ነው፤ የተከፈላቸው ያረጀውን እንዲያወጡት ነው።

የድሮ መኪና የበር ላሜራ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የጣራ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ዚንክ የተቀባ ነው። በላዩ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከመጣህ ታቃጥለዋለህ እንጂ አትበይደውም። ከተጣለ መኪና ኮፋኖ ወይም ጣሪያ ላይ ንጹሕ ቁራጭ ፈልግ፤ ውፍረቱ ይመሳሰላል፣ በመዶሻም ይታዘዛል። በርሜል የምትቆርጥ ከሆነ በፊት ምን እንደያዘ ጠይቅ። የቤንዚን በርሜል ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ ስለሚቀር፣ መቁረጫ ሲነካው ሰው ይገድላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ቁራጭ ብረት ገበያው፣ ወደ ሚናለሽ ተራ፣ ይሄዱ የነበሩ በሮች ወደ እኛ ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። የማይደሰተው የሚቸኩለው በያጅ ነው።

የሚተካውን ቁራጭ አስቀድመህ ሥራው፤ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋቸው። በሩ ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በሹል ነገር ጭረህ፣ በጭረቱ ልክ ቁረጥ። በሁለቱ መሀል የሚቀረው ክፍተት ከላሜራው ውፍረት መብለጥ የለበትም። ብዙዎች አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይበይዳሉ፤ ይቀላል፣ ግን በድርቡ መሀል ውሃ የሚደበቅበት ኪስ ትተው ነው የሚሄዱት። የውስጠኛው ክፈፍ ከበሰበሰ ቀድሞ እርሱ ይሠራ። የውጪው ላሜራ በክፈፉ ላይ ታጥፎ የሚቆለፍበትን ጠርዝ ከማጠፍህ በፊት ውስጡን ዚንክ ያለው፣ ብየዳ የሚችል ፀረ ዝገት ቀባው፤ አንዴ ከታጠፈ ብሩሽ አይደርስበትም።

ለብየዳው ሽቦ እየመገበ በጋዝ የሚበይደውን ማሽን፣ ሚግ የሚሉትን፣ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ጋር እመርጣለሁ። በሩ መኪናው ላይ ተሰቅሎና ተዘግቶ ሳለ ሦስት አራት ቦታ ነጥብ አስይዝ፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተበየደ በር ሲመለስ አልዘጋም የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ ነጥብ ነጥብ እያደረግክ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ በመሀላቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተውክ ሂድ። እጅህን ስታሳርፍበት የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቅና ክፍተቶቹን በሌላ ነጥብ ሙላ። መስመር እየጎተተ በአንድ ትንፋሽ የሚበይድ ሰው በርህን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ያደርገዋል። ሲሞረድም እንዲሁ ነው፤ ላሜራው ሰማያዊ ከሆነ ግለቱ ከልክ አልፏል፣ እጅህን አንሣ።

በካርቦራይድ ጋዝ የሚበይዱ የድሮ ባለሙያዎች ካገኘህ አትናቃቸው። የጋዝ ብየዳ ግለቱ ሰፊ ስለሆነ ላሜራ ያጣምማል፤ ነገር ግን የተበየደው ቦታ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር፣ የሠለጠነ እጅ ከኋላው ብረት ደግፎ በመዶሻ ሲያስተካክለው ስቱኮ እስከማያስፈልገው ድረስ ይመለሳል። ሚግ የበየደው ግን ይጠነክራል፣ ለመዶሻ እምቢ ይላል። እንዲህ ያለ እጅ አሁን ጥቂት ነው።

ስቱኮንም አልጠላም። በተበየደና በተጣራ ብረት ላይ፣ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ ቦታው ነው። ቀዳዳ ሲደፍን ነው የምጣላው፤ ከጀርባው እርጥበት ሲያገኘው ይመጥጣል፣ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል።

መጋጠሚያውን ለመኪና በተሠራ ማሸጊያ እሸግ። የኮምጣጤ ሽታ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንዳትነካው፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረቱን ለዝገት ይዳርገዋል። በመጨረሻ በሩ ውስጥ ሰም ያለበት ፀረ ዝገት ይረጭ። የተቃጠለ ዘይት የሚሉህ አሉ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሲጨርሱ አንድ ጆግ ውሃ በመስታወቱ ስንጥቅ አፍስስ። ከሥር ወዲያው ካልፈሰሰ ሰም ወይም ማሸጊያ መውጫውን ደፍኖታልና ሳትከፍል አስከፍተው።

ጥያቄ፦ የጭነት ፒክአፓችን ከአፍዴራ ጨው ትጭናለች። የሁለቱንም በሮች ሥር አስቆርጬ በደንብ አስበየድኩ፤ ዓመት ሳይሞላ ቀለሙ እንደገና አረፋ አወጣ። በያጁ አጭበርብሮኛል?
ወይዘሮ፣ ከሎጊያ

መልስ፦ በያጁን አይቆጡት፣ ላያጠፋ ይችላል። ጨው በብረቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይቀራል፤ የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት አያወጡትም። ከቀለሙ ሥር ተቀምጦ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሥራውን ይቀጥላል። አሁን ሲያስፍቁት ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በየመሀሉም ይድረቅ። ሲደርቅ ወዲያው ቡናማ የሚሆን ቦታ ካለ ጨው ገና አለ ማለት ነው፤ እንደገና ይታጠብ። ከዚያ በኋላ ከየጭነቱ ስትመለስ የበሮቹን ሥርና ውስጥ በንጹሕ ውሃ ያስጠቡ። የቦቴ ውሃ ለዚህ ማውጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአዲስ በር ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ዚንክ ያለው ብረት ስንበይድ ወተት እንጠጣለን። እውነት መርዙን ይከላከላል?
ተለማማጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይከላከልም። ጭሱ የሚገባው በሳንባህ ነው፣ ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድህ ነው። ዚንክ ብረቱ ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ፣ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተንናል፤ ነጭ ሆኖ የምታየው ጭስ እርሱ ነው። ቀን ደኅና የዋለ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ከመበየድህ በፊት ዚንኩን ከዳርና ዳሩ ሞርደህ አንሣ፣ ውጪ ነፋስ ባለበት በይድ፣ ለብረት ጭስ የተሠራ ጭንብል ልበስ፤ በአፍንጫ የታሰረ ሻሽ ጭስ አያቆምም። ደረት ከጨነቀህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን «ያልፋል» ብለህ አትተኛ፣ ሐኪም ቤት ሂድና ዚንክ ስትበይድ እንደዋልክ ንገራቸው። ወተቱን ደግሞ ከወደድከው ጠጣው።